የማዳም ኢሪኒ የብር ሳንቲም

ባለፈው ጥቅምት እናቴ የታመመች ጓደኛዋን እንድጠይቅላት ላከችኝና ሚኒያፖሊስ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ወዳለው፣ ወዳደግሁበት ሕንፃ ሄድኩ። ሊፍቱ ዛሬም ደስ ባለው ቦታ ነው የሚቆመው። ያልጫንኩት ፎቅ ላይ ቆሞ በሩ ሲከፈት ከአንዱ ቤት የቅቤ ብስኩትና የእንስላል ሽታ መጣብኝ። በሩ እስኪዘጋ ያለችው ያቺ ትንሽ ጊዜ በቃችኝ። አድጌ፣ ወልጄ፣ መኪናዬን ታች አቁሜ የመጣሁ ሴትዮ መሆኔ ጠፋኝና እናቷ አገር ቤት ሄዳ የቆየችባት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ጊዜው የዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። እናቴ ሰዓዳ የሄደችው እህቴን ዘይነብን ልታመጣ ነበር። ዘይነብን የማውቃት በፎቶ ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ በቆመው ፎቶ ነጭ ሻሽ አስራ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ ፎቶ አንሺውን በቁጣ የምታይ ልጅ ነበረች። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከኮምቦልቻ ተነስተው ወደ ሱዳን ሲሰደዱ እሷን ለእናቴ ታላቅ እህት ለእትዬ ሩቂያ ትተዋት ሄዱ። ለጥቂት ጊዜ ነው ተብሎ ነበር። እኔ ሱዳን ተወለድኩ፤ ከዚያም ሚኒሶታ መጣን፤ ጥቂት ጊዜ የተባለውም ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ዘይነብ አሥራ አምስት ዓመት ሞላት። በመጨረሻ ወረቀቱ ተሟልቶ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ስትጠራ እናቴ ከምታጸዳበት ሆስፒታል ፈቃድ ወሰደች።

ኤርፖርት ላይ ተንበርክካ የጃኬቴን ዚፕ እስከ አገጬ ዘጋችልኝና፣ “በረዶው ሳይጠና እመጣለሁ” አለችኝ። እኔ ሰማዩን መጠበቅ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

አባቴ ታክሲ ነጂ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ሰው ስለሌለ፣ “ሺፍቴን እስክጨርስ ማዳም ጋ ትሆኛለሽ” አለኝ። ማዳም ኢሪኒ ከኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። ግሪክ ናቸው፤ ግን የተወለዱትም ያረጁትም ድሬዳዋ ነው። አባታቸው እዚያ ዳቦ ቤት ነበረው። ባላቸው ሲሞት ልጃቸው ወደ ሚኒያፖሊስ አመጣቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ለሥራ ብሎ ወደ ሌላ ስቴት ሄደና እሳቸው እዚያው ፎቅ ላይ ቀሩ። ሁልጊዜ ሁለት ሹራብ ደርበው፣ ወንበራቸውን ማሞቂያው ላይ ለጥፈው ይቀመጣሉ። እኔ ቤት ውስጥ ለአባቴም ለእናቴም በእንግሊዝኛ ነበር የምመልሰው። የማዳም እንግሊዝኛ ግን ከኔ አማርኛ የባሰ ስለነበር፣ እሳቸው ጋ ስሆን ሳልወድ በግዴ አማርኛ አወራለሁ። ዛሬ ያለኝ አማርኛ ግማሹ ከአንዲት ግሪክ የተገኘ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የመጀመሪያው በረዶ የጣለው ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ስወርድ ነው። ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ በማዳም መስኮት ላይ ተለጠፍኩ። ታች ያሉት መኪናዎች አንድ ባንድ እየነጡ መልካቸው ሲጠፋ አየሁ። በረዶው ሳይጠና ማለት ምን ያህል ነው? ጎማውን ሲሸፍን? መስኮቱ ጋ ሲደርስ? የምጠይቀው ሰው ስላልነበረ በልቤ ብቻ ነበር የምለካው።

“አንቺ ልጅ” አሉኝ ማዳም ከኋላዬ። “መስታወቱን በትንፋሽሽ ልታቀልጪው ነው?”

“እናቴ በረዶው ሳይጠና እመጣለሁ ብላ ነበር።”

ማዳም ወደ መኝታ ቤት ገቡና በጥጥ የተሞላች ትንሽ የመድኃኒት ቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ። ጥጡን ገልጠው አንድ የብር ሳንቲም መዳፌ ላይ አስቀመጡ። የአሜሪካን አምስት ሳንቲም፣ ኒክልን ያህላል፤ ግን ከኒክል ይከብዳል፤ ዙሪያውም ክብ ለመሆን ሞክሮ የተወው ይመስላል። ቀዝቃዛ ነበር፤ ቶሎ ግን የእጄን ሙቀት ወሰደ። በአንድ ወገን ፀጉሯን የጠቀለለች፣ ወፍራም ከንፈር ያላት ሴት ወደ ጎን ታያለች።

“እርስዎ ነዎት?” አልኳቸው። የምሬን ነበር።

“እንዲህ ያለ አፍንጫ ቢኖረኝ ዳቦ ጋጋሪ አገባ ነበር?” አሉና ሳቁ። “ገልብጪው።”

ገለበጥኩት። “የዓሣ አጥንት።”

“አይደለም። የገብስ ዛላ ነው።” በጥፍራቸው እያንዳንዷን ፍሬ ተከትለው አሳዩኝ። ከጎኗ አንድ ቅጠል አለ፤ ቅጠሉ ላይ ደግሞ ልብ ብሎ ላላየ የማትታይ አይጥ ተቀምጣለች። ሳንቲሙን አባታቸው በሰርጋቸው ቀን እንደሰጣቸው ነገሩኝ። ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ግሪኮች ባሕር ተሻግረው ጣልያን አገር ዳር ከተማ ቆርቁረው ነበር፤ ሜታፖንቶ ትባላለች። አፈሩ ጥቁር፣ ገብሱ ብዙ ስለነበር ገንዘባቸው ላይ ገብስ ቀረጹ።

“ሴትየዋስ?”

“ሴትየዋ ዲሚትራ ናት። እህል የምትሰጠን እሷ ናት እያሉ ያመልኳት ነበር። ተረት ነው፤ አባትሽ እንዳይቆጣኝ። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት፤ ፐርሴፎኒ። አንድ ቀን ልጅቷ ሜዳ ላይ አበባ ስትለቅም መሬት ተሰነጠቀና የሙታን አገር ንጉሥ በሠረገላ ወጥቶ ይዟት ገባ። እናትየው ጩኸቷን ሰማች፤ ልጅቷን ግን አላየችም። ችቦ ለኩሳ አገር ላገር ዞረች። አትበላ፣ አትታጠብ። በመጨረሻ ተቆጣችና እህሉን ሁሉ ከለከለች። መሬቱ ደረቀ፤ ብርድ ሆነ፤ ሰው ሊያልቅ ሆነ። ያኔ ትልቁ አምላክ ልጅቷ ትመለስ ብሎ አዘዘ።”

“ተመለሰች?”

“ተመለሰች። ግን እዚያ ታች ሳለች ጥቂት የሮማን ፍሬ በልታ ነበር። የዚያን አገር ምግብ የቀመሰ ደግሞ ጨርሶ አይወጣም። ስለዚህ የዓመቱን እኩሌታ እናቷ ጋ፣ እኩሌታውን እዚያ ሆነች። እሷ ስትወርድ እናትየው ታዝናለች፤ ብርዱ የሚመጣው ያኔ ነው።”

ማዳም ይህን የነገሩኝ ሊያጽናኑኝ ነው። እናት ልጇን ፍለጋ ብትሄድ አትጠፋም፣ በረዶም መጥቶ ይሄዳል ሊሉኝ ነበር። እኔ የያዝኩት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የዚያን አገር ምግብ የቀመሰ ጨርሶ አይወጣም።

አባቴ መጥቶ ወሰደኝና ፓስታ ቀቀለ። ፓስታውን በሹካዬ ጠቀለልኩ።

“እማዬ እዚያ ምን ትበላለች?” አልኩት።

“ምን ጠፍቶ! እትዬ ሩቂያ እያለች? ገንፎው፣ ሥጋው፣ እርጎው። ወፍራ ነው የምትመጣው።”

ሳህኔን ገፋሁት።

እሑድ እሑድ ጠዋት እንደውላለን። አባቴ የስልክ ካርዱን በቁልፍ ፍቆ ቁጥሩን ያነብልኛል፤ እኔ እጫናለሁ። መስመሩ ሲገባ መጀመሪያ እንደ ንፋስ የመሰለ ድምፅ ይመጣል፤ ከዚያ የራሴ ድምፅ ከሩቅ ይመለሳል፤ ከዚያ እናቴ። ያን እሑድ ስልኩን ገና እንደያዝኩ፣ “እማዬ፣ እዚያ ምንም እንዳትበዪ” አልኳት።

“ምን አልሽ?”

አማርኛዬ የተበላሸ መስሎኝ በእንግሊዝኛ ደገምኩላት። አባትሽን ስጪኝ አለች። የአባቴን ፊት እያየሁ ቆምኩ። “የለም፣ አልታመመችም... ትኩሳትም የላት... እኔ እንጃ” ይላል። ስልኩን ዘግቶ ግንባሬን በእጁ ጀርባ ዳሰሰኝ።

ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ብናገረው የሚጸና ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ረመዳን ገባ፤ እኔም ትንሽ ተነፈስኩ። እናቴ ትጾማለች፤ የጾመ አይበላም፤ ያልበላ ይወጣል። ትምህርት ቤት ምሳ ሰዓት ላይ እኔም እሷን ላግዝ ብዬ ወተቴን አጠገቤ ለሚቀመጥ ልጅ እሰጥ ነበር። ይህ ሰላም ግን እስከ ተከታዩ እሑድ ብቻ ነው የቆየው። እዚህ ጠዋት ሲሆን እዚያ ፀሐይ መጥለቂያ፣ መግሪብ ነው። ስልኩ ሲያያዝ ከእናቴ ድምፅ በፊት የብርጭቆ ኳኳታና የብዙ ሰው ጫጫታ ሰማሁ። ሊያፈጥሩ ቀርበው ነበር። እናቴ “ሄሎ” ስትል አፏ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።

“ምን እየበላሽ ነው?”

“ቴምር ነው እናቴ። አሁን አዛን አለ።”

ቴምር ፍሬ ነው። ውስጡም ፍሬ አለው። “ትፊው” አልኳት። “እማዬ ትፊው።” ሳቀች፤ ለሌሎቹ ነገረቻቸውና እነሱም ሳቁ። ከሳቆቹ አንዱ የዘይነብ ይሆን እያልኩ ጆሮዬን ብሰጥም አንድም የልጅ ሳቅ አልሰማሁም።

በረዶው ጠና። የመኪና ማቆሚያው ዳር የተከመረው ከኔ ቁመት በለጠ፤ ከላዩም ጠቆረ። እናቴ የምትመጣበት ቀን አንዴ ተላለፈ፣ ደግሞ ተላለፈ። ቪዛው ወጥቷል፤ ትኬቱም አለ፤ ግን አትመጣም። አባቴ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ሬዲዮ ይከፍታል፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ እንደገና ሊነሳ ነው ይባል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ መጥቶ ሲደውል ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አልሄድም አለች?” ይላል። “አልቅሳስ? ... እጇን ይዘሽ እየጎተትሽ አታመጪያት... እኔንማ ጨርሶ አታውቀኝ... እሺ። እሺ ሰዓዳ፣ ቆዪ።”

የፈራሁት ደረሰ። ዘይነብ በልታለች፤ ከተወለደች ጀምሮ ስትበላ ነው የኖረችው፤ ስለዚህ አትወጣም። እናቴም ቴምሩን በልታለች።

በማግስቱ ማዳም ቤት ብስኩት አቅርበውልኝ አልነካሁም። የአንሶላ ዳር ይጠቅሙ ነበር፤ መርፌያቸውን አቆሙና አዩኝ።

“ማዳም” አልኳቸው፣ “የበላውን ሰው ማስወጣት ይቻላል?”

“ሆድሽን ነው? ላስመልስሽ?”

“እኔ አይደለሁም። እማዬ ናት። ዘይነብም።”

ከዚያ ሁሉም ነገር ተግተልትሎ ወጣ፤ ሮማኑም፣ ገንፎውም፣ ቴምሩም፣ ስልኩም። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ እያለቀስኩ ነበር የነገርኳቸው። ማዳም የቱን እንደተረዱ አላውቅም፤ ፊታቸው ግን ቀስ እያለ አመድ ሆነ። በግሪክኛ አንድ ነገር ለራሳቸው ተናገሩ። ከዚያ ያቺን ቆርቆሮ ከመኝታ ቤት አምጥተው ሹራባቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ፤ እጄን ይዘው፣ በነጠላ ጫማቸው፣ ሊፍቱን ሳይጠብቁ ደረጃውን ወጡ። ደረጃ ሲወጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። አባቴ በሩን ሲከፍት እሳቸው ትንፋሽ አጥሯቸው የበሩን መቃን ይዘው ቆመዋል።

“ይቺን ልጅ አስፈራርቻታለሁ” አሉት። “አሁን እውነቱን ንገራት። ሁሉንም።”

አባቴ ሻይ ሊያቀርብላቸው ወደ ኩሽና ሄደ፤ አልሻም ቢሉትም ሄደ። ሲመለስ ሻዩን ረስቶታል። ሶፋው ላይ ከጎኔ ተቀመጠና ሁለት እጆቹን ጉልበቱ መሃል አደረገ።

“ዘይነብን የሚያስቀራት የበላችው ነገር አይደለም” አለኝ። “እትዬ ሩቂያን እማማ ብላ ነው ያደገችው። እናትሽን ሴትየዋ ነው የምትላት።”

“እማዬ ግን እናቷ ናት።”

“ናት።”

“ለምን ጥላችኋት ሄዳችሁ?”

አባቴ ከዚያ በፊት ስለዚያ ጉዳይ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ማዳም ወደ መስኮቱ ዞሩ።

“ኩፍኝ ይዟት ነበር። የምንሄደው በእግር ነው፤ በቀን ተደብቀን። ይዛችኋት ብትወጡ መንገድ ላይ ትሞታለች አሉን። እትዬ ሩቂያ ከእናትሽ ጀርባ ላይ ፈታ ወሰደቻት። እናትሽ ማዘያውን ጨርቅ ሱዳን እስክንገባ ድረስ ከወገቧ አልፈታችውም።” ጉሮሮውን ጠረገ። “ይሄን እኛ እናውቃለን። ዘይነብ የምታውቀው ስትድን ያልነበርን መሆናችንን ብቻ ነው። አሁን ደግሞ መጥተን ከእናትሽ ተለይተሽ ነይ እንላታለን።”

ማዳም ሳንቲሙን አውጥተው እጄ ላይ አደረጉ። “እስኪ ሮማኑን አሳዪኝ” አሉ።

ሴትየዋን አየሁ። ገልብጬ ገብሱን፣ ቅጠሉን፣ አይጧን አየሁ። “የለም” አልኩ።

“የሙታን ንጉሥስ?”

“የለም።”

“ያንን ታሪክ ከኔ የበለጠ ያውቁት ነበር። የፈለጉትን መቅረጽ ይችሉ ነበር። የቀረጹት እናትየዋንና የመለሰችላቸውን እህል ነው። እኔ ነኝ ስነግርሽ የማያስፈልገውን ያስረዘምኩት።”

ጭንቀቴ በዚያ አልቆመም፤ እንዲያውም ሌላ መልክ ያዘ። ሮማን ቢሆን ጥፋቱ የሮማኑ ነው። አንዲት ልጅ እኛን አልፈልግም ብላ ከሆነ ግን ምን ይደረጋል? እናቴስ ሁለት ልጆች አሏት፤ እዚያ ካለችው ጋ ልቅር ብትልስ? ይህን ለማዳምም ለአባቴም አልተናገርኩም። ዒድ የመጣው በዚህ መሃል ነው። አባቴ አዲስ ቀሚስ ገዛልኝ፤ ፀጉሬን ሊሠራ ሞክሮ አቃተው፤ ማዳም ጎንጉነው ላኩኝ። ከሶላት መልስ ሰዎች፣ “እናትሽ መቼ ትመጣለች?” እያሉ ጉንጬን ይስማሉ። “በቅርቡ” እላለሁ፤ አባቴ እንደሚለው።

የቆረጠችው እትዬ ሩቂያ ናት። እናቴ በኋላ እንደነገረችን፣ ዘይነብን እሷው ራሷ ይዛት አዲስ አበባ ድረስ ወረደች። ኤርፖርቱ በር ላይ፣ “ሂጂና እያቸው። ካልሆነልሽ ተመለሽ፤ ቤትሽ ቤትሽ ነው” አለቻትና ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች። ዘይነብ እስክትሰወር ድረስ ዞራ አላየቻትም።

የካቲት ውስጥ መጡ። ከተጓዦቹ መሃል መጀመሪያ ያየሁት የእናቴን ነጠላ ነው። ሮጬ ሄጄ ሆዷ ውስጥ ተቀበርኩ፤ የማላውቀው ቤት ይሸታል። ቀና ስል ከኋላዋ ከእናቴ የምትረዝም፣ ስስ ጃኬት የለበሰች ልጅ ቆማለች። ፎቶው ላይ ያለው ቁጣ ፊቷ ላይ አልነበረም፤ ደክሟት ነበር። አባቴ እጆቹን ዘርግቶ ወደ እሷ ሄደ። እሷ ጎንበስ አለችና እጇን ሰጠችው።

“እንደምን ሰነበቱ” አለችው።

አባቴ ከተዘረጉት እጆቹ አንዱን መለሰና በሌላው ጨበጣት። “ደህና፣ አልሐምዱሊላህ። አንቺ ደህና ነሽ?”

“ደህና።”

ለገዛ አባቷ እንደ እንግዳ ሰው አንቱ አለችው፤ ከዚያም በኋላ አንቱ ነበር። ሻይ ስታቀርብለት “ይጠጡ”፣ በር ሲገባ “መጡ?” እናቴን ጭራሽ በምንም አትጠራትም። አባቴ አንድም ቀን አላረማትም። ለእያንዳንዷ “ይጠጡ” አመሰግናለሁ ይላል፤ እኔን አመሰግናለሁ ብሎኝ የማያውቅ ሰው። እሷ ትንሽ ትበላና ተነስታ ሳህኑን ታጥባለች፤ የሁላችንንም ታጥባለች፤ የሰው ቤት እንዳለች። ማታ አልጋችን አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ በአማርኛ አንድ ነገር ለማለት ዓረፍተ ነገሩን ስገጣጥም እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

የመጀመሪያውን ቃል ያወራችኝ ማዳም ቤት ነው። እንድትተዋወቃቸው ወስጃት፣ ማዳም ሳንቲሙን አውጥተው ያለ አንድም ቃል ሰጧት። ዘይነብ ሴትየዋን እንኳ ሳታይ ገለበጠችው።

“ገብስ” አለች። “ጢሙን እዪው። ይሄ እኮ ሊታጨድ ደርሷል።” ከዚያ ቅጠሉን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። “አይጧ ደግሞ አውቃለች።” ወደ እኔ ዘንበል ብላ አሳየችኝ። አይጧን ቀድሞም አይቻት ነበር፤ ግን እንዳላየ ሰው ሆኜ እስክትጨርስ ሰማኋት።

መጋቢት ሲጠባ በረዶው በቀን ቀልጦ ሌሊት መስታወት ይሆን ጀመር። አንድ ጠዋት እኔና ዘይነብ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እየጠበቅን ሕንፃው በር ላይ ቆመናል። አባቴ ማቆሚያው ላይ የታክሲውን መስታወት በረዶ ይፍቃል። በአንድ እጁ ፍቆ፣ በሌላው የመኪናውን አፍንጫ ይዞ ዞር ሲል እግሩ ሄደበት። ዘይነብ ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች፤ እሷም ልትወድቅ ለጥቂት።

“አባ፣ ቀስ በል እንጂ!” ብላ ጮኸች። “ትወድቃለህ እኮ!”

አባቴ መኪናውን ይዞ ቆመ። አልወደቀም። እሷ ክንዱን ይዛ፣ እግሩ መርገጡን አይታ፣ ለቀቀችው፤ ምን እንዳለች ያስተዋለችም አልመሰለኝም። አውቶቡሱ መጣና ሮጣ ተመልሳ ቦርሳዋን አነሳች።

“እሺ” አለ አባቴ ከኋላዋ፣ ለእኔ እንኳ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

መቀመጫችን ላይ ሆኜ በመስኮቱ አየሁት። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ጠርቶ ያለቀውን መስታወት ደጋግሞ ይፍቅ ነበር።